የሞኝ ጓሮ ሁልጊዜ አበባዬ

ብልህ ሰው ጎመን ይገዛል። ከሥራ ሲመለስ መኪናውን አቁሞ ይገባል፣ ሁለት ዶላር የማትሞላ አንድ እስር ጎመን ያነሣል፣ ቤቱ ገብቶ ይከትፋል፣ ማታ እንቅልፉን ለጥ ብሎ ይተኛል። ስለዚህ ሰው ብዙ የሚባል ነገር የለም። ጎመን በጤና ብሎ ኖሮ ጎመን በጤና ብሎ ያልፋል።

እኔ ዛሬ ላወድስ የተነሣሁት ሌላውን ነው፤ ያቺኑ ጎመን በስድስት መቶ ዶላር የሚበላውን። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ፣ ከቤቱ ጀርባ መሐረብ የምታህል ሣር ካለችው ሐበሻ መካከል አይጠፋም። የብርዱን ወራት ሙሉ ጤነኛ ነው፤ ሥራውን ይሠራል፣ ታክሱን ይሞላል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። ማርች ሲገባ ግን አንድ ነገር ይነካዋል። ቀን በስልኩ የቲማቲም ፎቶ ሲያይ ይውልና ማታ ሚስቱን «ያ ሣር ግን ምን ይሠራልናል?» ይላታል። ሚስት ዝም ትላለች። እሱ ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ይወስደዋል። እኔ እስካሁን በየዓመቱ ወስጄዋለሁ።

ሞኝነት ባገራችን ስሙ ያለ አግባብ ጠፍቷል። ተረቱ ሁሉ በሱ ላይ ነው። «የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ» ያለው ሰው፣ የመስከረምን ዘፈን በጥር የሚያዜም ሰው አይቶ መታገሥ አቅቶት እንደሆነ ይገባኛል። ግን እስቲ በሰከነ ልብ እንየው። ወቅቱን ጠብቆ መዝፈንማ ማንም ይችላል። አበባ በሌለበት አበባዬ ማለት ነው እምነት የሚጠይቀው።

ጸደይ መቼ እንደሚገባ ሞኝን ማንም አያስተምረውም። በዚህ ረገድ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ እኛ ተዘጋጅተን ነው የመጣነው፤ ሁለት ጸደይ ይዘን። በአባቶች ቆጠራ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። በዘፈኑና በትምህርት ቤት ሥዕላችን ደግሞ ጸደይ ማለት አደይ አበባ፣ መስከረም ማለት ነው፤ መጸውን ጸደይ እያልን ነው ያደግነው፣ ያረመንም የለም። ሦስተኛውን ጸደይ እዚህ ያገኘነው ከጃፓን ነው። የቶኪዮ ከተማ በ1912 በፈረንጆቹ ለዋሽንግተን የላከቻቸው ሦስት ሺህ ያህል የቼሪ ዛፎችና ተተኪዎቻቸው በማርች መጨረሻ ገደማ ያብባሉ፤ በ2024 እንዲያውም ገና ማርች 17 ቀን ነበር ውኃው ዳር ያለው ሁሉ ነጭ የሆነው። የኛ ሰው ነጠላ አጣፍቶ ከሥሩ ፎቶ ይነሣና ዛፉን ቀና ብሎ አይቶ፣ «ይሄ ካበበ ቲማቲሙን ምን ያዘው?» ይላል። ከዚያው ሳይመለስ ወደ ችግኝ መሸጫው።

የቼሪ ዛፍ ብርድ ለምዶ የሚኖር መሆኑን፣ ቲማቲም ግን የሞቃት አገር ልጅ ሆኖ አንዲት የውርጭ ሌሊት እንደምትበቃው የሚነግር ሰው በመደብሩ ውስጥ አይገኝም። ችግኙ ግን ይገኛል። ደጃፉ ላይ በረድፍ ተደርድሮ፣ ለምለም ሆኖ፣ በፀሐይ እየተወዛወዘ ይጠብቃል። የአካባቢው ሰው «እስከ እናቶች ቀን ጠብቅ» የሚል ደንብ አለው፤ የሜይ ሁለተኛ እሑድ ማለት ነው። መደብሩ ግን ችግኙን ከዚያ ከስድስት ሳምንት በላይ ቀድሞ ያወጣዋል። ይህን የሚያደርገው ከደግነቱ ነው። አንድ ሰው አንድ ቲማቲም አንድ ጊዜ ብቻ ቢገዛ ከመደብሩ ጋር ምን ዝምድና ይኖረዋል?

እኔ በመጀመሪያው ዓመት ማርች 22 ቀን ተከልሁ። ያን ያደረግሁት ደግሞ በስሜት ሳይሆን በሳይንስ ነው። የእርሻ መሥሪያ ቤቱ በ2023 ኖቬምበር ያወጣውን የብርድ ካርታ አይቼ ሰፈሬ ከድሮው ሞቅ ወዳለው ቀለም ተሻግሮ አገኘሁት። ካርታው የሚያሳየው በዓመቱ እጅግ ቀዝቃዛዋ ሌሊት በአማካይ ስንት ዲግሪ እንደምትወርድ ብቻ ነው፤ የጽጌረዳ ሥር ብርዱን ያልፍ አያልፍ እንደሆነ ለማወቅ። ስለ አፕሪል አንዲት ቃል አይናገርም። እኔ ግን ካርታ ሲቀየር ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አይደለሁም።

አፕሪል በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ቡናዬን ይዤ ወጣሁ። ሣሩ ላይ ስኳር የተነሰነሰ ይመስላል። ቲማቲሞቹ ቆመዋል፤ ግን ቅጠላቸው ጠቁሮ፣ እርጥብ ሆኖ፣ ወደ ታች ተለጥፏል። ልክ ድስት ውስጥ አንድ ጊዜ ገንፍሎ የወጣ ጎመን። በጣቴ ስነካው በጣቴ ላይ ቀረ። አሥራ ስምንት ነበሩ። ባለቤቴ በመስኮት እያየች ነበር። «ተቀቀሉ እንዴ?» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም ከሰዓት በኋላ ሌላ አሥራ ስምንት ገዛሁ። የሁለተኞቹን ቀብር አልተርክም፤ ነገሩ ከመጀመሪያው የሚለየው በቀኑ ብቻ ነው።

አንዳንዱ ሞኝ ደግሞ ችግኝ አይገዛም፤ ራሱ ያፈላል። ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው። የቲማቲም ዘር ውጪ ከሚተከልበት ቀን ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ቀደም ብሎ ቤት ውስጥ ይዘራል ይላሉ። እኔ በሁለተኛው ዓመት በገና በዓል ማግስት ዘራሁ፤ ቀድሞ የተነሣ አይዘገይም ብዬ። በየመስኮቱ ሥር የእርጎ ኩባያ ደረደርሁ። በቀሉ። ከዚያ ብርሃኑን ፍለጋ ይረዝሙ ጀመር፤ ክር የመሰለ ነጭ አንገት፣ ጫፉ ላይ ሁለት ቅጠል። በማርች እንደ ሰካራም እርስ በርስ ተደጋግፈው ነበር የሚቆሙት። ወደ ውጪ ሲወጡ በሳምንት በአሥር ቀን ቀስ በቀስ ፀሐይና ነፋስ ማለማመድ ያስፈልጋል ይባላል። እኔ ግን ልጆቼን አላቀማጥልም ብዬ በአንድ ጠዋት ሁሉንም አወጣኋቸው። ማታ ስመለስ ጉዳዩ ተዘግቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ እሱም ደም ነው። የኛ ሞኝ ከፈረንጁ ሞኝ የሚለየው በዚህ ነው። ፈረንጁ ሞኝ እንደማያውቅ ያውቃል፤ መጽሐፍ ይገዛል፣ ኮርስ ይገባል። የኛው ግን «እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ» ይላል። ሲናገር ድምፁ ወፈር ይላል። እኔ ካዛንቺስ ነው ያደግሁት። የእርሻ ልምዴ አራተኛ ክፍል ሳለሁ በብርጭቆ ውስጥ በእርጥብ ጥጥ ላይ ያበቀልኋት አንዲት ባቄላ ናት፤ እሷንም ታናሽ ወንድሜ ነቀላት። ጎመን የሚበቅለው ጉሊት ላይ ነበር የሚመስለኝ። ሆኖም አያቴ ያርሱ ነበር። አያቴ ካረሱ ደግሞ ዕውቀቱ የት ይሄዳል? ከሳቸው ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደኔ፣ በደም ሥር እየፈሰሰ መጥቷል። አባቴ የባንክ ሒሳብ ሠራተኛ መሆኑ የፍሰቱን መንገድ አያቋርጠውም።

ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ጎጃም አርሰው ያደጉ፣ እዚህ ሃያ ዓመት ታክሲ የነዱ። አንድ ቅዳሜ ቡና ጠራኋቸውና ጓሮዬን አሳየኋቸው፤ ሊያደንቁልኝ ነበር ሐሳቤ። ጎንበስ ብለው አንድ ጭብጥ አፈር አነሡ፣ ጨመቁት፣ ጣታቸውን ሲከፍቱ ድብልብል ብሎ ቀረ። ወደ መሬት ለቀቁት። አልፈረሰም።

«ይሄ አፈር አይደለም፣ ልጄ። ሸክላ ነው። ጀበና ይወጣዋል።»

«ጋሼ፣ ቀይ ስለሆነ ጥሩ መስሎኝ...»

«ስንቴ ገለበጥከው?»

«አንድ ጊዜ።»

«እኛ ለጤፍ ሦስቴ አራቴ እናርስ ነበር።»

«ጋሼ፣ የኔ እኮ ኦርጋኒክ ነው።»

ረዥም ጊዜ አዩኝ። «እሱስ ይሁን» አሉና ወደ ቡናው ተመለሱ። ሲሄዱ በር ላይ፣ ብስባሽ በብዛት እንድቀላቅልበት፣ ቅጠልም እንድጎዘጉዝበት፣ እስከሚመጣው ዓመትም እንዳልቸኩል መከሩኝ። በአክብሮት ሰማሁ። በአክብሮት መስማትና መፈጸም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

ለነገሩ ብስባሽ አልጨመርሁም ማለት አይደለም፤ የቡና አተላ ጨምሬያለሁ። አተላ አፈሩን ያኮመጥጠዋል፣ ተክሉም ይወደዋል የሚል ወሬ በሰፊው ይወራል። ከተፈላ በኋላ የሚቀረው አተላ ኮምጣጣነቱ አብዛኛው በውኃው ሄዶ እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ የለኩት ሰዎች ይናገራሉ። ይህ ደግሞ አንዴ አፍልተው ስለሚደፉት ስለ ፈረንጆቹ ነው። የኛ አተላ አቦልን፣ ቶናን፣ በረካን አልፎ ነው ጓሮ የሚደርሰው። ለመሬቱ የሚሰጠው ትዝታ ብቻ ነው።

አፈር ስላነሣን፣ ከቤቴ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ያለ አንድ ጓሮ ትዝ አለኝ። በማርች 2009 ሚሼል ኦባማ የዋይት ሐውስን ሣር መቶ ካሬ ሜትር ያህል አስቆፍረው አትክልት ሊተክሉ ሲነሡ፣ አፈሩ አስቀድሞ ተመረመረ። ከሚሊዮን 93 እጅ እርሳስ ተገኘበት፤ በጊዜው መንግሥት አሥጊ ብሎ ካስቀመጠው 400 በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ ቀጠሉ። እንግዲህ ያ ሁሉ ዘበኛ ያለው ቤት የገዛ አፈሩን ተጠራጥሮ ላቦራቶሪ ይልካል። ሞኝ ግን አይጠራጠርም። ቤቱ የተሠራው ቀለም ከእርሳስ ጋር ይበጠበጥ በነበረበት ዘመን ይሁን፣ ያ ቀለም ዓመት ዓመት እየተላጠ ከግድግዳው ሥር ይርገፍ፣ እሱ መደቡን ከዚያው ከግድግዳው ሥር ያበጃል። ምርመራው ከአንድ ጥንድ ጓንት አይበልጥ ይሆናል ዋጋው። ጓንቱን ገዝቷል።

መደብ ስል፣ ሦስት የእንጨት መደብ ነበር የሠራሁት። እያንዳንዱ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ቁመቱ ከ28 ሣንቲ ሜትር የማያንስ፤ ሲያዩት ሣጥን ሳይሆን አልጋ ይመስላል። ከዚያ አፈር ልገዛ ሄድሁ። 42 ሊትር የሚይዝ ከረጢት ስድስት ጫንሁ፤ የመኪናዬ የኋላ ጎማ ተጫነ፣ ልቤም ሞላ። አንዱን መደብ ብቻ ለመሙላት ሃያ ከረጢት ያህል እንደሚፈጅ ያሰላሁት ስድስቱን በሦስት መደብ ላይ ካፈሰስሁ በኋላ ነው። ሦስት ሣንቲ ሜትር ሆነ። ከእንጀራ ይወፍራል፣ ድፎ ዳቦ ግን አይደርስም። እዚያ ላይ ነው ካሮት የዘራሁት።

ስለ ርቀት ደግሞ የዘሩ ፓኬት ጀርባ ላይ በጥሩ ፊደል ተጽፏል፤ በቲማቲምና በቲማቲም መካከል ግማሽ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው ተረት ስለ ወረቀቱ እውነት ነው፤ ፓኬቱ እስከ ዛሬ ያንኑ ይላል። ሞኝ ግን የዋህ እንጂ ግትር አይደለም፤ ያነበበውን ወዲያው ይለቃል። አሥራ ስምንቱን ችግኝ በአንድ መደብ ስተክል በጆሮዬ የሚያቃጭለው የሜክሲኮ ታክሲ ረዳት ነበር። ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው! ሁሉም ገቡ። በጁን ቅጠሉ ተያይዞ፣ ውስጡ ታፍኖ፣ ከሥር ጀምሮ ቢጫ ነጠብጣብ ሲወጣበት የትኛውን በሽታ የትኛው ተሳፋሪ እንዳመጣው መለየት አልተቻለም።

ቦታውን የመረጥሁት በማርች መሆኑንም ልጨምር። በማርች ጓሮዬ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ነበር። ቲማቲም በቀን ስድስት ሰባት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ እንደሚፈልግ አውቅ ስለነበር ሰዓት ይዤ ቆጥሬያለሁ፤ በዚህ ማንም አይከሰኝ። ሜይ ሲገባ የጎረቤቴ ትልቅ ዛፍ ቅጠል አወጣ። ዛፍ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያደርግ አላሰብሁም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከጥላው ለማካካስ ማዳበሪያ አበዛሁ። የተጠቀምሁት ለሣር የሚበተነውን ነበር፤ ከሣር ጋር ጎረቤት ናቸው ብዬ። እንዲህ ያለው ማዳበሪያ ናይትሮጂን የበዛበት ስለሆነ ተክሉን ቅጠል በቅጠል ያደርገዋል። በእርግጥም አደረገው። ቲማቲሙ ከአጥሩ በላይ ወጣ፤ አላፊ አግዳሚው ያደንቀው ጀመር። ጁላይ ሙሉ አበበ። የዚህ አገር የጁላይ ሌሊት ደግሞ ሲሞቅ ሙቀቱ የሚያስተኛ አይደለም፤ እንዲህ ሲሆን ቲማቲም አበባውን ፍሬ ሳያደርግ ያረግፈዋል። ማለዳ ማለዳ ከሥሩ ቢጫ አበባ ተነጥፎ አገኛለሁ። በላዩ ደግሞ አዲስ አብቧል። ተረቱን ያወጣው ሰው መጥቶ ቢያየኝ ኖሮ የሚጨምረው አይኖርም ነበር።

እንስሳቱን ሳላነሣ ባልፍ ግን ውለታ መርሳት ይሆንብኛል። በዚህ አገር ግራውንድሆግ የሚባል ከጥንቸል ተለቅ የሚል፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር ወፍራም እንስሳ አለ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ፐንክሰቶውኒ በምትባል ከተማ ከ1887 ጀምሮ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 2 ቀን፣ ባርኔጣ የደፉ ሽማግሌዎች ይህን እንስሳ ከጉድጓዱ አውጥተው ጸደይ መቅረቡንና አለመቅረቡን ይጠይቁታል። ጥላውን ካየ ብርዱ ስድስት ሳምንት ይቀጥላል ይባላል። ትንበያው ከሚይዝበት የሚስትበት ጊዜ እንደሚበዛ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ቆጥረው ተናግረዋል፤ ሽማግሌዎቹ ግን መጠየቃቸውን አልተዉም፤ እነሱንም በዚህ ጽሑፍ አወድሳለሁ። እንስሳው እንግዲህ ጸደይ መጣ ብሎ ያውጃል፤ እኛ አምነን እንተክላለን፤ ሲበቅል መጥቶ ይበላዋል። የሚያውጀውም የሚሰበስበውም አንድ አካል የሆነበት ሥርዓት ለኛ ለሐበሾች እንግዳ አይደለምና አልከፋኝም።

አጥር አጠርሁ። ቁመቱ ወገቤ ድረስ ነበር። አጋዘን ከሰው በላይ የሆነ አጥር እንኳ በቆመበት እንደሚዘል ያኔ አላውቅም ነበር፤ እሱ ከላይ ገባ። ግራውንድሆግ ሽቦው ወደ መሬት ካልተቀበረ በሥሩ ቆፍሮ ያልፋል፤ እሱ ከታች ገባ። ሽኮኮ በመካከል አለፈ። አጥሩ በትክክል የከለከለው ፍጡር ቢኖር እኔን ነው። በር ማበጀት ረስቼ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ደረሰኞቹን ደመርኋቸው፤ 612 ዶላር። መከሩ ሰባት ቲማቲም ነው። ጎመኗንም አንድ ድስት ስለወጣት በምርቃት እንያዛት። ለሰባት ሲካፈል አንዱ ቲማቲም 87 ዶላር ገባኝ። ከሰባቱ ሁለቱን ሽኮኮ ነክሷቸው ነበር፤ የተነከሰበትን ቆርጠን በላን፤ በዚያ ዋጋ ማን ይጥላል?

አሜሪካኖች ጓሮ በቁም ነገር ተክለው ያውቃሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሃያ ሚሊዮን ያህል የቤት ጓሮ ተቆፍሮ ከአገሪቱ ትኩስ አትክልት 40 በመቶ የሚጠጋው ከዚያ እንደተገኘ ይነገራል። ግን እነዚያ ሰዎች መንግሥት ያደላቸውን መመሪያ አንብበው፣ በተባለው ቀን የተባለውን ስለ ዘሩ ከሞኝ አይቆጠሩም፤ በዚህ ውዳሴ ውስጥ ቦታ የላቸውም።

ዝኩኒን በሁለት መስመር ልለፈው። አንድ ተክል ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል ይላሉ፤ እኔ በሌላ ዓመት ስድስት ተከልሁ፤ ስድስቱም ፀደቁ። ያን በጋ ከቅዳሴ በኋላ ፌስታል ይዤ ሲያዩኝ ወዳጆቼ ወደ መኪናቸው በሩጫ ነበር የሚሄዱት። ናና ደግሞ አንዲት ዘንግ ለሻይ ብዬ ተከልሁ፤ አሁን ጓሮው የሷ ነው፣ እኔ ተከራይ ነኝ።

ባለፈው ዓመት እናቴ ከአዲስ አበባ መጣች። ሜይ መጀመሪያ ገብታ እስከ ኦክቶበር ቆየች። ቀኑን ሙሉ ከኋላ በር አጠገብ ባለችው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ትቀመጥና እኔን ታያለች። አንድ ቀን በእኩለ ቀን፣ በዚያ ሐሩር፣ ጎማ ይዤ ቅጠሉን ሳርስ አየችኝ።

«ልጄ፣ ለማን ነው የምታጠጣው?»

«ለቲማቲሙ ነዋ፣ እማዬ።»

«ፀሐይዋ ነው እንዴ እየጠጣችው ያለችው?»

«በዚህ አገር እንዲህ ነው የሚያጠጡት።»

«እንግዲያስ ጥሩ» አለችና ፊቷን ወደ በሩ መለሰች።

ከእናቴ ጋር የተጋጨነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ያለው ትርፍራፊ የሚፈጨው ማሽን ድምፁ ያስደነግጣታል፤ ጣት ይበላል ብላ ፈርታ አንድም ቀን አልነካችውም። ወጥ ስትሠራ የወጣውን የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቲማቲም እንብርት ከነዘሩ፣ የጎመን ዘንግ፣ የእንቁላል ቅርፊት በሳሕን ይዛ ትወጣና ከአሸንዳው ሥር፣ ከወንበሯ አጠገብ ትደፋዋለች። በአካፋ ጫፍ አፈር ጣል ታደርግበታለች። አይጥ ይጠራል ብዬ ለመንኋት። እሺ አለችኝ። በማግሥቱ ደፋች። እንደገና ለመንኋት፤ እንደገና እሺ አለች። እናቴ እሺ ባይ ናት።

ጁን ማለቂያ ላይ ከዚያ ቆሻሻ መካከል አንድ ነገር ብቅ አለ። አረም መስሎኝ ልነቅለው ጎንበስ ስል «ተወው፣ ምን አደረገህ?» አለችኝ። ተውሁት። ቲማቲም ነበር። ማንም አልተከለውም፣ ማንም አላጠጣውም፤ ዝናብ ሲዘንብ የጣሪያው ውኃ በአሸንዳው ወርዶ ሥሩ ይፈስሳል። ያ ጥግ ደግሞ ከጎረቤቴ ዛፍ ጥላ ውጪ ሆኖ ኖሯል። ግራውንድሆጉ አንድ ሁለቴ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ተመለከተው፤ ወንበሩ ላይ ነጭ ነጠላ ስላየ ነው መሰለኝ አልቀረበም። እናቴ በአሮጌ መቀነት ከአሸንዳው ጋር አሰረችው። ሴፕቴምበር ማለቂያ ላይ ጎንበስ እያለች በቀሚሷ ጫፍ ትለቅም ነበር። በዚያ ቲማቲም ስልስ ሠራች፣ ቁሌት አበሰለች፣ የተረፈውን ለጎረቤት ሰጠች። ጎረቤቴ ከዚያ ወዲህ ለኔ ሰላምታ የሚሰጠኝ ስለሷ ለመጠየቅ ነው። የኔ ሦስቱ መደብ በዚያን ጊዜ ያብቡ ነበር።

ነገሩን በብርዱ ወራት ሁሉ በጥሞና አሰብሁበት። ቲማቲሙ ያፈራው በዕድል እንጂ በአያያዝ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ያን ያህል ያለ እንክብካቤ ከሆነ በእንክብካቤ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ስለዚህ ለዚህ ጸደይ ዕቅድ አውጥቻለሁ። ያን ቆሻሻ ሙልጭ አድርጌ አጸዳዋለሁ። ውኃ እንዳይበዛበት አሸንዳውን ወደ ሌላ ጎን አዞረዋለሁ። ወንበሩ መተላለፊያ ስለሚይዝ ወደ ጋራዥ ይገባል። በቦታው አራተኛ መደብ ይሠራበታል፤ አፈሩንም አሁን በደንብ አስልቻለሁ፣ ስምንት ከረጢት። የቼሪው ዛፍ ሰሞኑን እንቡጥ ይዟል ይላሉ። እንጨቱ ሐሙስ ይደርሳል።